ዋስ ያጡ እህትማማቾች

ጎረቤላ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፰፻፸፮ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ

ይድረስ ለአጎቴ ለደብተራ ገብረአማኑኤል፣ ደብረ ብርሃን።

እንዴት ሰንብተዋል አጎቴ? ወገብዎስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ውርጭ ለእርስዎ ወገብ እንደማይራራ አውቃለሁና የላክሁልዎትን የሱፍ ባና ከላይ መልበሱን ትተው ከታች አንጥፈው ይተኙበት። እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። መልሴን ያዘገየሁት ንቄ አይደለም። ነጋዴው ወልደአረጋይ ወደ እናንተ ሲሄድ ደጃፌ ቆሞ «የሚላክ አለ ወይ?» ይለኛል፤ እኔም «የለም» ስለው ከረምሁ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄዎ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ።

ግማሹን እፈልጋለሁ። መልሴ ይኸው ነው።

ነገሩን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ይዩልኝ። እናታችን አመተ ማርያም ስታርፍ የተወችው ማሳና ቤት የሁለት ልጆቿ ነው፤ የታላቄ የበሰለችና የእኔ። በሰለች ግን «እስከ መጨረሻ ያስታመምሁት እኔ ነኝ፤ በቃሏም ለእኔ ተናዝዛልኛለች» ብላ ብቻዋን ይዛዋለች። እኔም ከሰስኋት። ዳኛው ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት በጥር ሥላሴ ማግስት በደብረ ብርሃን ግቢያቸው፣ እሳቸው እየሰሙ፣ ሽማግሎች ተቀምጠው እንዲያስታርቁን አዘዙ። እርቁ ከፈረሰ በሰለች በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትምላለች። ከማለች ርስቱ የእርሷ ነው፤ እኔም ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ተሳስቼ እንደሆነ ያርሙኝ።

ያለሁት እንደ ወትሮው እማሆይ ወለተሐና ዘንድ ነው። ከደጃቸው ቁጭ ስል የእናቴ ቤት ፊት ለፊቴ ነው፤ በመካከላችን የገብሱ ማሳና ምንጩ ብቻ አሉ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ሲወጣ መጀመሪያ ማሳው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ በመጨረሻ የሣር ክዳኑ ብቻ ከጉሙ በላይ ይቀራል። ያን ጊዜ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም ያለሁ አይመስለኝም። የምፈትለውን ሱፍ ይዤ እፈዝዛለሁ፤ እማሆይ ስሜን እስኪጠሩኝ ድረስ ማን እንደ ሆንሁ እረሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ቤቱ ክብ ነው። ክብ ቤት እንዴት ይከፈላል? ምድጃው ለማን፣ ምሰሶው ለማን ሊሆን ነው? እማሆይን ብጠይቃቸው «አንዳችሁ ቀን ቀን፣ ሌላችሁ ማታ ማታ ኑሩበት» ብለው ሳቁብኝ።

ባሌን ይሁኔን ጠይቀዋል። ደኅና ነው። እነዋሪ አዝመራ ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ ስለ በሰለች የጠየቅሁዎትን ይመልሱልኝ፤ ይህን ያህል የምትጠላኝ ምን ብበድላት ነው?

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ፣ ቦሰና።


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፳፬ ቀን

ለልጄ ለቦሰና።

ሰላም ላንቺ ይሁን። ባናውን ከታች አንጥፌ ተኛሁበት፤ ወገቤ ተሻለው፣ ላዬ ግን በረደው። ሁለተኛ ባና እየለመንሁ እንዳይመስልሽ፤ ለማስታወቅ ያህል ነው።

ጽሕፈትሽን ሳይ አባትሽ ትዝ አለኝ። ሴት ልጅ ፊደል አስቆጠርህ ብለው ሲያሙት «ነገ ለእኔ ትጽፍልኛለች» ይል ነበር። ለእኔ ደረሰኝ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ነገሩን በትክክል ተረድተሽዋል። «ግማሹን» የሚለው መልስሽ ለሽማግሎች ይሆናል፤ ለእኔ አይበቃም። ነገረ ፈጅ ከቀጠሮው ቀን በፊት ማወቅ ያለበት ባለጉዳዩ ምን ቢሰጡት እሺ ብሎ እንደሚነሣ ነው። ማሳውን አስቀርተው ቤቱን ቢሰጡሽስ? ቤቱን አስቀርተው ማሳውን? ይህን ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ። ሽማግሎቹ ሲጠይቁሽ ልታስቢ ከጀመርሽ የዋለ ያደረ ቂም ይቀድምሽና የማይሆን ነገር ትናገሪያለሽ።

ቦታውንም ልንገርሽ፣ አይተሽው እንዳትደናገጪ። ከዳኛው ቤት በስተጓሮ ትልቅ የወይራ ዛፍ አለ። ሽማግሎቹ ከሥሩ ይቀመጣሉ። ዳኛው ራቅ ብለው መደባቸው ላይ ይሆናሉ፤ የማይሰሙ ይመስላሉ፣ ሁሉንም ይሰማሉ። ከሳሽ ነሽና ቀድመሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። «የእኔ ርስት» አትበዪ፤ «የእናታችን» በዪ። «ነጠቀችኝ» አትበዪ፤ «ሳንካፈል ቆየን» በዪ። እህትሽ ስትናገር መሬት መሬቱን እዪ። ስትቆጪ ቅንድብሽ ይነሣል፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ሽማግሎቹም ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ስለ በሰለች የጠየቅሽኝን አልመልስልሽም። ሁለታችሁም የእህቴ ልጆች ናችሁ። ላንቺ ነገረ ፈጅ የሆንሁት ቀድመሽ ስለ ለመንሽኝ ነው እንጂ አስበልጬሽ አይደለም። የባለጋራን ገመና ለባለጋራ መንገር ነውር ነው፤ ይህን የጎረቤላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አልረሳውም። ይህን ያህል መጻፌም በዝቷል።

ከእነዋሪ ገበያ የመጡ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ነገር አወሩልኝ። ካንቺ እስክሰማ አላምንም ብያቸዋለሁ። እየጠበቅሁ ነው።

አጎትሽ ገብረአማኑኤል።


ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ ፭ ቀን

ይድረስ ለአጎቴ።

እንደምን ከርመዋል? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? ሁለተኛውን ባና ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ባይለምኑኝም።

እንዳዘዙኝ አጠናለሁ። እማሆይ ሽማግሌ ይሆኑልኝና ፊታቸው ቆሜ «የእናታችን ርስት» እላለሁ። የመጀመሪያውን ቀን በደንብ ሰሙኝ። በማግስቱ ገና ስጀምር እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሽማግሎቹ እንዲህ ከሆኑ ጥሩ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ስለ ባለጋራ ገመና ያሉኝን አንብቤ ብዙ አሰብሁ። ምን ገመና አላት? ያለባት ኩራት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት እንስራዬን ይዤ ምንጩ ዘንድ ቆሜ ሳለ መጣች። ጉም ነበር፤ ቢሆንም በመካከላችን የአንድ ሰው ቁመት ያህል እንኳ አልነበረም። አጎቴ፣ ዓይኗን ቀና አድርጋ፣ ልክ እንደሌለሁ አልፋኝ ሄደች። ውኃዋን ቀዳች፣ ተመለሰች። ስታልፍም የማሳውን የድንጋይ አጥር በመዳፏ እየዳሰሰች ነው፤ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» እንደ ማለት። እኔም ቃል ሳይወጣኝ እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስሁ። አለቀስሁ። አንድ ማሕፀን የወለደን ነን፤ ቢያንስ ብትሰድበኝ ምናለበት?

በዚያው ሰሞን ሕልም አየሁ። የእናቴ ቤት ከቦታው ተነሥቶ በጉሙ ላይ ቀስ እያለ ወደ ቆላው ይሄዳል። አይሰበርም፣ አይዘምም፤ ጭሱ እንኳ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከውስጥ ሴት ታንጎራጉራለች። በሰለች ትሁን እናቴ አልለየሁም። ተከትዬው እንዳልሮጥ እግሬ ሱፍ ውስጥ ተጠላልፏል። ደግሞም አልፈራሁም፤ ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁት። ስነቃ ነው የከፋኝ። ሽማግሎች ፊት ሕልም ይነገራል ወይ?

ለእርስዎ ብቻ ጻፊልኝ ያሉትን ጉዳይ በተመለከተ፣ ማሳውን ትውሰደው። ቤቱን ብቻ ልያዝ። ይህን ጽፌ ደግሞ ሳስበው ቤቱንም ሁሉ አይደለም። ይቆይልኝ፤ ገና አልጠራልኝም።

የእነዋሪ ነጋዴ ብዙ ያወራል። ጨው ሲያልቅበት ወሬ ይሸጣል።

ልጅዎ ቦሰና።


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ ፲፭ ቀን

ለልጄ ለቦሰና።

ባናው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን እንደ ጳጳስ ነው የምተኛው።

ሕልም በሽማግሎች ፊት አይነገርም። አንዱ የአንቺን ሕልም ሲሰማ ሌላው የራሱን ሕልም ያነሣል፤ ሁሉም ሲፈታ ይመሻል። ከቤቱ ውስጥ የምታንጎራጉረው ማን እንደ ሆነች ለማወቅ ከፈለግሽ ግን ማሳውን ተሻግረሽ በሩን አንኳኪ። ለዚህ ነገረ ፈጅ አያስፈልግሽም።

አላንኳኳም እንደምትዪ አውቃለሁ። እንግዲያው ስሚኝ። እርቁ ካልሆነ በሰለች ትምላለች፤ ስለዚህ አትጠራጠሪ። እናታችሁ በእርግጥ ተናዝዛላት እንደሆነ አንቺ እውነተኛይቱን እህትሽን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁመሽ አዋረድሻት ማለት ነው። አልተናዘዘችላት እንደሆነ ደግሞ እህትሽ ለአንድ ጎጆ ብላ ነፍሷን ትሰጣለች። የትኛው ሆኖ ቢገኝ ደስ ይልሻል? እኔ ከሁለቱ አንዱንም ማየት አልፈልግም። ስለዚህ እርቁ የግድ መሆን አለበት፤ እንዲሆን ደግሞ የልብሽን እወቂልኝ። «ገና አልጠራልኝም» የሚል ባለጉዳይ ይዤ ወይራው ሥር መቆም አልችልም።

አሁን ደግሞ አስቸኳይ ነገር አለ። ዳኛው ከሁለታችሁም ዋስ ጠይቀዋል። በቀጠሮው ቀን መቅረባችሁን የሚያረጋግጥ፣ ብትቀሩ የሚጠየቅ ሰው እንዲቆምላችሁ ነው። ከገና በፊት ዋስሽን ጠርተሽ ስሙን ላኪልኝ። ዘመድ አታጪም፤ ጎረቤላ ሙሉውን አክስትና አጎት ነው። ዋስ ካጣሽ ምን እንደሚደረግ አሁን አልነግርሽም፤ ስለማያስፈልግሽ።

ስለ ይሁኔ ሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅሽም። ዝም ማለትሽ መልስ እየሆነብኝ ነውና ከፍቶኛል።

አጎትሽ ገብረአማኑኤል።


ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ ፳፱ ቀን

ይድረስ ለአጎቴ ለደብተራ ገብረአማኑኤል።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነውና ገና በሃያ ስምንት ሲውል እማሆይ ድፎ ጋግረው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፣ ግማሹን ማሳውን ተሻግረው ለበሰለች ወሰዱላት። እኛ ያቃተንን እሳቸው በአንድ ቢላዋ ከፈሉት።

ዋስ አጣሁ። ገብረኪዳን ዘንድ ሄድሁ፤ «በሬዬ ታሞብኝ ልቤ ተሸብሯል» አለኝ። በሬው ከኋላው ቆሞ ሣር ይግጣል። ታንጉት «ባሌን ልጠይቅ» አለች፣ ባሏ «ታንጉትን ልጠይቅ» አለ፤ እስካሁን እየተጠያየቁ ነው። ኃይለሚካኤል ገና ከሩቅ ሲያየኝ ዳዊቱን ዘርግቶ መድገም ጀመረና እስክሄድ ድረስ አላቆመም። እንዲህ የሚያመልጡኝ ምን ብሆንባቸው ነው? ለበሰለችም የቆመላት የለም አሉ። አንድ ሰፈር ሰው በአንድ ሳምንት እንዴት እንዲህ ይፈራል? ፈርተው ቢሆን ደግሞ አይስቁም ነበር፤ ዞር ስል ይስቃሉ።

አሁን የሸሸሁትን ልጻፍልዎት። ይቅር ይበሉኝ፤ ለእርስዎ መዋሸቴ ከሁሉ ይልቅ ያሳፍረኛል።

ይሁኔ ሌላ አግብቷል። ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ በሰማንያችን ተካፍለን ፈታኝ። ከእነዋሪ የወጣሁት በነሐሴ ጭቃ ነው፤ በአንድ አህያ ሱፌን ጭኜ። መንገድ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር አሰብሁ። የተፈታች ሴት ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል፣ ራሱን ይነቀንቅላታል፣ «አይ ልጄ» ይላታል። ርስቷን ልትከስ የመጣች ሴት ግን መንገድ ይለቀቅላታል። እኔም መንገድ ይለቀቅልኝ ብዬ ከሰስሁ። «ለክስ ነው የመጣሁት፤ ባሌ አዝመራ ላይ ነው» አልሁ፤ ሰውም አመነኝ፣ ከሰነበትሁ በኋላ እኔም ላምነው ተቃርቤ ነበር።

በሰለች ደጃፍ ቆሜ «አስገቢኝ» ማለት አቃተኝ አጎቴ። ዳኛ ፊት ቆሞ «ግማሹ ይገባኛል» ማለት ቀለለኝ። ታላቄ ናት፤ ባሏ ሲሞት እንኳ ሄጄ አላስተዛዘንኋትም፣ የእናቴን በሽታ ሁሉ ለእሷ ትቼ እነዋሪ ተቀምጫለሁ። አሁን ተፈትቼ ስመጣ ምን ትለኛለች? ይህን ፈራሁ።

እንግዲህ የልቤ ጠራልኝ። ምን ቢሰጡኝ እሺ ብዬ እነሣለሁ ላሉኝ፣ አንድ መደብ። የምተኛበት አንድ መደብ በእናቴ ቤት ውስጥ። ማሳውንም ቤቱንም ትያዘው። ለሽማግሎች ግን እንዳይነግሩብኝ፤ ለእነሱ ግማሹን ይበሉልኝ።

ያፈረች ልጅዎ፣ ቦሰና።


ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፪ ቀን

ለልጄ ለቦሰና።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ልቆጣሽ ፈልጌ አቃተኝ። ያ ጎረምሳ ከደጅሽ ባይደርስ ይሻል ነበር፤ ሠርጉ ላይ ጮሌ መስሎኝ የመረቅሁት እኔ ነኝ። ምስጢርሽ ከእኔ አይወጣም።

ዋስ ላጡ ባለጋሮች ሥርዓቱ አንድ ነው። የዳኛው መልእክተኛ ይመጣና የነጠላሽን ጫፍ ከእህትሽ ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጥረዋል። ተቆራኝታችሁ ትመጣላችሁ። ቋጠሮውን ከዳኛው በቀር ማንም አይፈታውም፤ የፈታ ይቀጣል። መልእክተኛው ሌላ ሥራ አለበትና አብሯችሁ አይመጣም፤ የቋጠሮው ነገር ከዘበኛ ይበልጥ ይከበራል። በሥላሴ ዋዜማ በጠዋት ተነሡ፣ መንገድ ላይ እደሩና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ ግቡ። ለሁለታችሁም አንጥፌ እጠብቃለሁ።

አሳፋሪ ነገር እንዳይመስልሽ። ከአንቺ የተሻሉ ትልልቅ ሰዎች በዚህ መንገድ ተቋጥረው ሄደዋል።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። መንገዱ ገደሉን መያዝ ሲጀምር በገደሉ በኩል አንቺ ሁኚ፤ በሰለችን በተራራው በኩል አድርጊያት። ቀስ ብለሽም ተራመጂ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

አጎትሽ ገብረአማኑኤል።


ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፱ ቀን

ቦሰና ሆይ፣

የት ናችሁ? ወልደአረጋይ ይህን ይዞ እየሮጠ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ትተሽ በሕይወት መኖራችሁን በቃልም ቢሆን ላኪልኝ። በሥላሴ ማታ እራት አስቀርቤ ጠበቅኋችሁ። በማግስቱ ሽማግሎቹ ወይራው ሥር ተቀመጡ። ጸለዩ። ጥላው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ዞረ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን እየጠረገ «እንግዲህ ከሳሽ ትናገር» ሲል ፊቱ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ያዘጋጀሁልሽን ቃል ሁሉ ይዤ እንደ ምሰሶ ቆሜ ዋልሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ እንዲህም ፈርቼ አላውቅም። ያንን ገደል በልቤ ስመላለስበት ነው የሰነበትሁት።

ዳኛው ተቆጥተዋል። «ቀጠሮ ያፈረሰች ከሳሽ ክሷ ይወድቃል፤ ርስቱም በያዘችው ይጸናል» ብለዋል። ለምኜ እስከ ጥር ማርያም ድረስ አስታገሥኋቸው። የበቃ ምክንያት ካቀረብሽ ሽማግሎቹ እንደገና ይቀመጣሉ። ምክንያትሽን ጽፈሽ ላኪ። ገደል፣ በሽታ፣ ሽፍታ፣ የሆነውን ሁሉ። ካልላክሽ ግማሹም ሩቡም የለሽም።

የተጨነቀ አጎትሽ።


ጎረቤላ፣ ጥር ፲፭ ቀን

ይድረስ ለአጎቴ ለደብተራ ገብረአማኑኤል።

በሕይወት አለን። ሁለታችንም። ስላስጨነቅሁዎት ጉልበትዎን ስሜ ይቅርታ እለምናለሁ፤ ጥምቀት መካከል ገባና ወልደአረጋይ ታቦት ሳይገባ አልነሣም ስላለኝ ነው እንጂ ወዲያው ይደርስዎ ነበር።

መልእክተኛው መጥቶ ቋጠረን። በሰለች ዘወር አለች፣ እኔም ዘወር አልሁ፤ ነጠላው ግን ዘወር አላለም። እንዳዘዙኝ በገደሉ በኩል ሆንሁ። ጉም ነበር፤ እግራችንን እንጂ ከእሱ በታች ያለውን አናይም፤ ሰማይ ላይ የምንሄድ ይመስለኝ ነበር። ቃል አልተነጋገርንም። ለጥ ባለው ቦታ እሷ ወደ እኔ ስትሳብ ነጠላው ይረግባል፣ ስፈጥን ይወጠራል፤ ሲወጠር ደግሞ ቆም ትላለች። እያፌዘችብኝ መሰለኝ። መንገዱ ጠበብ ካለበት ስንደርስ ቆመች፤ እግሯን ዘርግታ ድንጋዩን በጣቶቿ ዳበሰች። «ሂጂ እንጂ!» አልኋት።

ያን ጊዜ ጉሙ ተነሣ። ፀሐይ ወጣች፣ እስከ ታች ቆላው ድረስ ተገለጠ፣ የግመል መንገዱ ሳይቀር ይታያል። በሰለች ግን ጉም ውስጥ እንዳለች ሁሉ ትዳብሳለች። እጄን አንሥቼ በዓይኗ ፊት አወዛወዝሁ። ዓይኗ አልተከተለኝም።

እዚያው ተቀመጥሁ፤ ነጠላው ስቧት እሷም ተቀመጠች። «ከመቼ ወዲህ ነው በሰለች?» አልኋት። «እናታችን ሳታርፍ ነው የጀመረኝ፤ ሙሉ በሙሉ የጨለመው ባለፈው ክረምት ነው» አለችኝ። ሰው ዓይኗ ደከም ማለቱን ያውቃል፤ ይህን ያህል መሆኑን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ለእኔ አይነግሩኝም፤ ባለጋራዋ ነኝና። ምንጩ ዘንድ አልፋኝ የሄደችበትን ቀን አነሣሁባት። «አንቺ ነበርሽ?» አለች። «ሰው መኖሩንስ ሰምቻለሁ። ዝም ሲለኝ ጠላት ነው ብዬ ቶሎ አለፍሁ።»

ከዚያ የነገረችኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎት። «ቤቱ ውስጥ አያለሁ ቦሰና። ምሰሶው የት እንዳለ፣ ማድጋው የት እንዳለ፣ ሁሉንም እጄ ያያል። ግማሹን ብትወስጂና ግድግዳ ብትሠሪበት በዚያን ቀን እታወራለሁ። ለዚህ ነው የምምለው። እማማ ብትናዘዝልኝም ባትናዘዝልኝም እምል ነበር።» አላስችል ብሎኝ አቅፌያት አለቀስሁ። እኔም የይሁኔን ነገር ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ታዲያ ለምን ቀጥ ብለሽ አልመጣሽም?» አለችኝ። «አፈርሁ» አልኋት። «በእኔ? በዕውሯ?» ብላ ነጠላዋን ሳብ ስታደርገው እኔ ነኝ የተሳብሁት።

ለምን ደብረ ብርሃን ሄደን ታርቀናል አላልንም? አስበን ነበር። ግን ወይራው ሥር ሳደርሳት ሽማግሎቹ ያዩዋታል። «ዓይነ ስውር ብቻዋን ርስት አትይዝም» የሚል ሩቅ ዘመድ ከነገ ወዲያ አይጠፋም። «ዳኛ ፊት ዓይኔን አታስቆጥሪኝ» ብላ ለመነችኝ። እኔም ክሴ እንደሚወድቅ እያወቅሁ ነው ፊቴን ወደ ኋላ የመለስሁት። ስለዚህ ምክንያት አያቅርቡልኝ። ጥር ማርያም ይለፍ። ርስቱ በያዘችው ይጽና፤ ያ ነው የሚጠብቃት። «ቦሰና ሰነፈች፣ እምቢ አለች፣ ጠፋች» ይበሉላቸው። እርስዎን ግን ወይራው ሥር ብቻዎን ስላቆምሁዎት ዕድሜ ልኬን ባና እልካለሁ።

ቋጠሮውን አልፈታነውም፤ የዳኛ ትእዛዝ አላፈረስንም። ቤት ስንገባ ሁለታችንም ነጠላችንን አውልቀን ከነቋጠሮው ችካሉ ላይ ሰቀልነው። ስንገባም የበሩ መቃን ዝቅተኛ መሆኑን ረስቼ ግንባሬን አጋጨሁ። «ጎንበስ በይ ልልሽ ነበር» አለችኝ፤ ዓይን ያላት እኔ ነኝ።

ወልደአረጋይን ይዤ አፋጠጥሁት፤ ሳይወድ በግዱ ተናዘዘ። የጎረቤላን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ «ለሁለቱም ዋስ እንዳትሆኑ» ያለው በእርስዎ ትእዛዝ ነው አሉ። የገብረኪዳን በሬ በእርስዎ የታመመ መሆኑን አሁን ነው ያወቅሁት። ነገረ ፈጄ ሆነው በእኔ ላይ ይህን በመሥራትዎ ልከስዎት ይገባ ነበር፤ ግን ዋስ የሚሆነኝ አላገኝም።

መደቤ ከእናቴ መደብ ትይዩ ነው። ምድጃውን ማታ እሷ ትዳፍናለች፤ እኔ ከነካሁት ቦታው ይጠፋባታል። ማንጎራጎሩንም እሷ ናት የምታንጎራጉረው፤ ድምፅዋ ግን ቆንጆ አይደለም፣ በሕልሜ ይሻል ነበር።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «ጉም ነው?» አለችኝ። ጥርት ያለ ቀን ነበር፤ ተራራው፣ ገደሉ፣ ቆላው ሁሉ ይታያል። እንዳትከፋብኝ ብዬ «አዎ፣ ጉም ነው፤ እኔም ምንም አይታየኝም» አልኋት።

«ውሸታም» አለችኝ፤ «ፀሐዩ ፊቴን እያቃጠለኝ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ከበሩ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና የሚታየውን ከቅርቡ ጀምሬ እንድነግራት አዘዘችኝ። ገብሱን ነገርኋት፣ አጥሩን ነገርኋት፣ ታች የሚሄዱትን ግመሎች ነገርኋት። እስካሁን አልጨረስሁም፤ ይህን የጻፍሁት ለምሳ ስትገባ ነው። ትጠራኛለችና ልሂድ።

ልጅዎ ቦሰና፣ ከእናቴ ቤት።